እጃችንን ታጥበን

አማርኛችን «እጅ መንሳት» የሚል አነጋገር አለው። ዝቅ ብሎ በአክብሮት ሰላምታ መስጠት ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን አንድ ተማሪ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ መንሳት መከልከል ከሆነ፣ እጅን መከልከል እንዴት አክብሮት ሊሆን ቻለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም። መምህር መልስ አያጣምና አንድ ነገር ብዬ አልፌዋለሁ። ጥያቄው ግን ዞሮ ዞሮ በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ደጃፌ ድረስ መጣ።

ያን ሰሞን መቼም ታስታውሱታላችሁ። ዓርብ መጋቢት 4 ቀን ነው። በሽታው ቻይና ገባ፣ ጣልያንን ፈጀ፣ ኢራን ደረሰ ስንባባል ከርመን፣ የመጀመሪያው በኮሮና የተያዘ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱን የጤና ሚኒስቴር ነገረን። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። ሰኞ መጋቢት 7 ደግሞ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ስብሰባ ቀረ፣ ኳስ ቀረ ተባለ። ለአሥራ አምስት ቀን ነው የተባለው። ይህችን አሥራ አምስት ቀን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

በሦስት ቀን ውስጥ፣ ትከሻ ለትከሻ የሚጋጨው፣ ጉንጭ ለጉንጭ እየተገላበጠ የሚሳሳመው የአገሬ ሰው እጁን የት እንደሚያስቀምጥ ጠፋው። ክርኑን የሚያቀብል አለ። በጫማው ጫፍ የሚነካካ አለ። አንዳንዱ እጁን ዘርግቶ መንገድ ላይ ሲደርስ ትዝ ይለውና ፀጉሩን ያክካል። ብዙው ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት ጀመረ። እናቴ በመስኮት ስታይ ቆየችና፣ «ይኸው! የድሮ ሰው ነገር እያላችሁ የሳቃችሁበትን እጅ መንሳት በሽታ መለሰላችሁ» አለች።

እናቴ ያኔ 82 ዓመቷ ነበር። የደም ግፊትም ስኳርም አለባት። «በተለይ አረጋውያንና ተጓዳኝ በሽታ ያለባቸው» በተባለ ቁጥር እኔና ባለቤቴ ዓይን ለዓይን እንተያያለን። ቤታችን ውስጥ የሆነው ሁሉ፣ ደጉም ክፉውም፣ የሆነው በእሷ ስም ነው።

ባለቤቴ ሹመት ሳትጠብቅ የቤታችን የጤና ሚኒስትር ሆነች። ጫማ ውጭ ቀረ። የውጭ በር አጠገብ ቧንቧ የተገጠመለት ቢጫ ጀሪካን ተሰቀለ፣ ሳሙናውም እንዳይጠፋ በመረብ ታስሮ ተንጠለጠለ። ከሱቅ የመጣ ብር በአልኮል ይታሻል። ከጉሊት የመጣ ቲማቲም በሳሙና ይታጠባል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ ዋጋቸው ሰማይ ወጣ፤ ቢሆንም ገዛን። ወንድ ልጄ፣ ያኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ «አባዬ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ቫይረሱን ባይገድለው እንኳ ሰውን ሁለት ሜትር ያርቅልናል» ይላል። እኅቱ ከዩኒቨርሲቲ ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች። አምስት ሰው፣ አንድ ሳሎን፣ አንድ ቴሌቪዥን።

ስልክ ስንደውል ከምንፈልገው ሰው ድምፅ በፊት ስለ እጅ መታጠብ የሚመክረን ድምፅ ይቀድማል። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን ሰው መስላት፣ «እሺ እመቤቴ፣ ታጥቤያለሁ፤ አሁን ልጄን አቅርቢልኝ» ትለው ነበር። የዕለቱ ሪፖርት ሲመጣ ሁላችንም ዝም እንላለን። ይህን ያህል ተመረመረ፣ ይህን ያህል ተገኘበት፣ ይህን ያህል አገገመ። ድሮ የሬዲዮ ትረካ እንጠብቅ እንደነበረው ነበር የምንጠብቀው። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን እናመሰግናለን፣ ሁለት ሦስት ሲጨምር ባለቤቴ ተነስታ የበር እጀታ ትወለውላለች።

በዚህ ሁሉ የሚያስቅ እንጂ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። የሚያሳፍረው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው።

*

ቤት ማለት ምንድን ነው? «ቤት ይቆዩ» ሲባል ሁላችንም የገባን መሰለን። የእኛ ቤት ግን እንደ ብዙው የአዲስ አበባ ቤት አምስት ሰው ብቻ አልነበረም። ጠዋት እንጀራ የምታመጣ አለች። ለቡና የሚጠራሩ ጎረቤቶች አሉ። የባለቤቴ ወንድም በሳምንት ሁለቴ ብቅ ይላል። ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ ልብስ የምታጥብልን ሴት ትመጣለች።

ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ ያለ ፈቃዷ በቂ ነገር ላወራባት ነው። ያኔ ቤታችን መምጣት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ነው የምንኖረው፤ እሷ ከወደ ጉራራ በእግሯ ትመጣለች። ረቡዕን የመረጠችው እሷ ናት። ውሃ በፈረቃ በሆነበት ሰፈር ቧንቧው በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ ከእኛ በፊት እሷ ታውቃለች። ማክሰኞ ሌሊት በርሜሉ እንዲሞላ ታዛለች፣ ረቡዕ በአንድ ሰዓት ተኩል ሳፋዋን ዘርግታ ትዘፈዝፋለች። እኔን «ጋሼ»፣ ባለቤቴን «እትዬ»፣ እናቴን «እማማ» ትለናለች።

ረቡዕ መጋቢት 9 ከመድረሱ በፊት በነበረው ማታ እኔና ባለቤቴ መከርን። በስንት ታክሲ፣ በስንት ሰው መካከል አልፋ እንደምትመጣ አናውቅም አልን። በእግሯ እንደምትመጣ እያወቅን ነው እንዲህ ያልነው። ስንት ቤት እንደምትገባ አናውቅም አልን። ይህ እውነት ነው፤ ጠይቀናት አናውቅም። «እማዬን ማሰብ አለብን» አልን። እናቴ መኝታ ቤቷ ውስጥ ነበረች፤ እሷን ማንም አልጠየቃትም።

የሚነግራት እኔ እንድሆን ተወሰነ። አነጋገር ያውቃል ተብዬ ነው። ረቡዕ ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ሄድኩና ገርበብ አድርጌ ከፈትኩት። ንግግሬን አዘጋጅቼ ነበር። ወቅቱ አስቸጋሪ እንደሆነ፣ ለእሷም ለልጇም ጤና ሲባል፣ ሁላችንም መሥዋዕትነት መክፈል እንዳለብን ነገርኳት። ዛሬ ሳስበው፣ ከአፌ ከወጡት ቃላት ውስጥ እውነቷን የያዘችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፦ «ቅሪ»። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

«ለስንት ቀን ነው ጋሼ?» አለችኝ።

«ለጊዜው ነው። አሥራ አምስት ቀን ነው የሚባለው።»

«እሺ» አለች። ጥያቄም ልመናም አልጨመረች።

የአሥራ አምስት ቀን ሒሳቧን በፖስታ አዘጋጅቼላት ነበር። ላቀብላት እጄን ዘረጋሁና መንገድ ላይ መለስኩት። ከበሩ ውጭ የምንቀመጥበት ድንጋይ አለ፤ እሱ ላይ አኖርኩት። ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ስሸሽ ቀርባ አነሳችው። ደረቷ ላይ አድርጋው ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችኝ። ተማሪዬ ቢኖር ኖሮ፣ እጅን መከልከል አክብሮት የሚሆነው መቼ እንደሆነና መቼ እንዳልሆነ በአንድ በር ላይ ሁለቱንም ባሳየሁት ነበር።

በሩን ዘጋሁና እጄን ታጠብኩ። ሃያ ሰከንድ ቆጥሬ።

*

ከዚያ በኋላ ልብሱ እኛን ይጠብቅ ጀመር። ልብስ ማጠቢያ ማሽን የለንም፤ ቢኖረንም በፈረቃ ውሃ አይሠራም። ልጆቹ የየራሳቸውን ይጠቡ፣ ባለቤቴ የራሷንና ቀላል ቀላሉን፣ እኔ ከባድ ከባዱን እንዳጥብ ተደለደለ። «ምን አላት፣ ልብስ ማጠብ ናት» ብዬ ነው የገባሁበት።

ውሃ የያዘ አንሶላ ጨምቃችሁ ታውቃላችሁ? ለአንድ ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም። አንዱን ጫፍ በጉልበቴ መካከል ይዤ ሌላውን ስጠመዝዝ ወገቤ አብሮ ይጠመዘዛል። ከሁለት ሰዓት በኋላ የጣቶቼ መገጣጠሚያ ተላጠ፣ ላርጎው ቁስሉ ውስጥ ገብቶ ያቃጥለኛል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የአምስት ሰው ልብስ ከሰዓት በኋላ ማስጫው ላይ ተሰቅሎ አይ ነበር እንጂ፣ በስንት ማለቅለቅ እዚያ እንደደረሰ ተቆጥሮልኝ አያውቅም። እናቴ የምትወዳት ጥለቷ ቀይና አረንጓዴ የሆነች ጋቢ አለቻት። በሽታ ይገድላል ብዬ በረኪና ጨመርኩበት። ጋቢው ከነጥለቱ ነጣ። እናቴ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችውና፣ «ይሁን፣ ከፈኑን አስለመድከኝ» አለች።

መጋቢት 27 የመጀመሪያው ሞት ተነገረ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በማስፈጸሚያ ደንቡ መጨባበጥ ተከለከለ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር ተባለ። አሠሪም ሠራተኛውን እንዳያሰናብት ተደነገገ። ይህን ሳነብ በልቤ «ጥሩ ነው፣ አግባብ ነው» አልኩ። አሠሪ ሲባል የፋብሪካ ባለቤት ነው የታየኝ።

ቆይቼ የሕግ ሰው የሆነ ወዳጄን በስልክ ስጠይቀው፣ ክልከላው የሚመለከተው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሸፈነውን ሠራተኛ እንደሆነ ነገረኝ። ያ አዋጅ ደግሞ ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ቅጥር ከክልሉ ውጭ ያደርገዋል። በሰው ቤት የምታጥብ፣ የምትጋግር፣ የምትጠርግ ሴት እዚያ ውስጥ የለችም። «እንግዲህ ሕግ አልጣስክም» ብሎ ሳቀ ወዳጄ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

በዚያው ሰሞን «ማዕድ ማጋራት» የሚባለው ዘመቻ ተጀመረ። በሰፈራችን ሰዎች ወረቀት ይዘው ሲዞሩ አንድ ኩንታል ዱቄትና ፓስታ ሰጠሁ፣ ስሜ ተመዘገበ፣ ተመሰገንኩ። ማታ ለልጆቼ ስለ መተሳሰብ ባህላችን ትንሽ ንግግር አደረግኩላቸው። መምህርነት በቀላሉ አይለቅም። አሥራ አምስቱ ቀን ካለፈ ሳምንት ሆኖት ነበር። «ያቺ ሴት እንዴት ሆነች?» የሚል ጥያቄ አንዳንዴ ይመጣብኛል፣ ሪፖርቱ ሲጀምር ይረሳኛል። አንድ ቀን ባለቤቴ ደወለችላት። ስልኳ ላይ የተመዘገበችው «ልብስ አጣቢ» ተብላ ነው። ስለ እጅ መታጠብ የሚመክረው ድምፅ ተነገረና ስልኩ ዝግ መሆኑ ተነገራት። «ደውለን ነበር» ተባባልን። ለእኛ ይበቃን ነበር።

*

ስቅለት ዓርብ ሚያዝያ 9 ዋለ። እናቴ ዕድሜዋን በሙሉ ስቅለትን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ስትሰግድ ነው የዋለችው። ያን ዓመት ሳሎን ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ጨርቅ ተነጥፎላት፣ ጉልበቷ በቻለው ልክ ስትሰግድ ዋለች። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አረፍ አለችና ድንገት፣

«ያቺ ልጅ የት ደረሰች?» አለች።

«የትኛዋ?»

«የምታጥበው ናታ! ከመጋቢት ወዲህ ድምጿን አልሰማሁም። ታመመች እንዴ?»

ባለቤቴ ወደ እኔ አየች። እኔ አነጋገር አውቃለሁና ጀመርኩ። ሁኔታውን አስረዳሁ፣ አረጋውያንና ተጓዳኝ በሽታ የሚለውን ጠቀስኩ፣ በመጨረሻም «ለአንቺ ብለን ነው እማዬ» አልኳት።

«ለእኔ? ማን ጠየቀኝ?»

ዝም አልን።

ቀጥላ የነገረችንን ተረት ይሁን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ቁርጥራጩን ሰምቼዋለሁ፤ ሙሉውን የሰማሁት ያን ዕለት ነው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ያ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ሲገባ «የኅዳር በሽታ» ነበር የተባለው። በከተማዋ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደፈጀ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ተፈሪ መኮንን ራሳቸው ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠልን «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው የዚያ መዘዝ ነው። የእናቴ እናት ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን ወደቀ። የቆመ ሰው የለም፣ እሳት የሚያነድ የለም፣ ውሃ የሚያቀብል የለም። አንዲት በደመወዝ ውሃ የምትቀዳላቸው ሴት ነበረች። እሷም ትኩሳት ይዟት እየዳኸች ጠዋት ጠዋት በቅል ውሃ አምጥታ ደጃፍ ላይ ታኖርላቸው ነበር። ከሰባቱ አራቱ ተረፉ።

«እናቴ ምን ትል ነበር መሰላችሁ» አለች እናቴ። «‹ከበሽታው የባሰው ጥማቱ ነበር› ትል ነበር። በሽታውን የቻለ በጥማት ሞተ። ያቺ ሴት በሯን ዘግታ ብትተኛ ኖሮ እኔም አንተም የለንም።»

«እማዬ፣ እኛ እኮ ክፉ አስበን አይደለም። ጥንቃቄ ነው። ሐኪሞቹም…»

«ተጠንቀቁ ተባላችሁ እንጂ ርሱ መች ተባላችሁ?» አለችና ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች። ካህኑ የዕለቱን ወንጌል እያነበቡ ነበር። ትንሽ ቆይታ፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «እጁንማ ጲላጦስም ታጥቦ ነበር» አለች።

ለሃያ ዓመት ያህል ሥነ ጽሑፍ አስተምሬያለሁ። ፍቅር እስከ መቃብርን ሳስተምር እኔና ተማሪዎቼ ፊታውራሪ መሸሻን በጭሰኞቻቸው ላይ ስላደረሱት ግፍ ያልገረፍንበት ክረምትና በጋ የለም። ሰው በስንት ገጽ ያልገባው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገባዋል።

*

በማግሥቱ ቅዳሜ ስኳር፣ ዘይት፣ ዱቄትና ትንሽ ብር ይዤ ወደ ጉራራ ወጣሁ። ማስኬን አድርጌያለሁ። ሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ሄጄበት አላውቅም። ከመንደሩ ስደርስ አንድ ነገር ገባኝ፤ የማውቀው ስሟን ብቻ ነው። የአባቷን ስም አላውቅም። ቤቷን አላውቅም። ወንድ ልጅ እንዳላት አውቃለሁ፤ ስሙን አላውቅም።

ሱቅ ውስጥ ያለውን ልጅ ስሟን ጠርቼ ጠየቅኩት። «በዚህ ስም ስንት አሉ፣ ምን ትሠራለች?» አለኝ።

«ልብስ ታጥባለች፣ በሰው ቤት።»

«አባባ፣ እዚህ ሰፈር የማታጥብ ማን አለች?»

ዘወር ብዬ አየሁ። ከመንገዱ ማዶ አጥር ተደግፈው፣ ተራርቀው የተቀመጡ ሰባት ስምንት ሴቶች አሉ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ለፋሲካ ዋዜማ፣ በየሰው ቤት መጋረጃና አንሶላ የሚታጠብበት ዋናው የሥራ ቀን ነው። ሁሉም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ማታ ማታ ቁጥር ስንሰማ በነበርንበት ሪፖርት ውስጥ እነዚህ አልነበሩም።

ከሴቶቹ አንዷ ቤቷን አሳየችኝ። ስንኳኳ በነጠላዋ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ወጣች። እኔ መሆኔን ስታውቅ ደነገጠችና እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ።

«እዚያው ጋሼ! እዚያው ይቁሙ፣ አይጠጉኝ! ቤት እማማ አሉ!»

ቆምኩ። ያመጣሁትን ስታይ «ድንጋዩ ላይ ያኑሩልኝ» አለችኝ። አኖርኩት። ወደ ኋላ ሸሸሁ። ቀርባ አነሳች። ክፋት የለባትም፣ ልትመልስብኝ ብላ አይደለም፤ የምሯን ለእናቴ ሰግታ ነው። ለዚህ ነው የከበደኝ።

ከሩቅ ተጨዋወትን። በሳምንት አራት ቤት ነበር የምታጥበው። አራቱም ቤት በዚያው ሳምንት አስቀርተዋታል። «ሁሉም ‹ለጊዜው› ነው ያሉኝ ጋሼ፣ ተነጋግራችሁ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። ጥቂት ቀን መንገድ ዳር ሎሚ ቸርቸረች፣ ደንብ አስከባሪ አስነሳት። ስልኳን ሸጠች። አከራይዋ አላስወጣቻትም፤ የኪራዩ ዕዳ ግን ይቆጠራል። እኔ የሰጠኋት የአሥራ አምስት ቀን ሒሳብ ትዝ አለኝ። አሥራ አምስት ቀን ለእኔ የወሩ ግማሽ ነው። ለእሷ ሁለት ረቡዕ ነው። የሁለት ቀን ገንዘብ ሰጥቻት ነው ሠላሳ አንድ ቀን በሰላም የተኛሁት።

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«የእማማን ጋቢ ማን ነው የሚያጥብላቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«በረኪና እንዳያስነኩት ጋሼ፣ ጥለቱን ይበላዋል።»

መልስ አጣሁ። ከፊቴ ገባት መሰለኝ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠበቅ አድርጋ ከት ብላ ሳቀች። የተዘጋጀው ይቅርታዬ እዚያው ቀረ።

*

ከዚያ ቀን ጀምሮ ረቡዕ ረቡዕ ሒሳቧን አደረስንላት፣ ሳትመጣ። ሦስቱን ሌሎች ቤቶች ባለቤቴ ስልካቸውን አፈላልጋ ደወለችላቸው። ሁለቱ አደረጉት፣ አንዷ «እኛም ተቸግረናል» አለች። ክረምቱ ሲገባ ማስክ አድርጋ ተመለሰች፣ ሳፋዋን ዘረጋች። የት? ግቢ ውስጥ፣ ቧንቧው ሥር፣ በአደባባይ አየር ላይ፣ ከቤቱ ደረጃ ስምንት ሜትር ርቃ። ያን ቀን ነው በደንብ ያየሁት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስትሠራ የኖረችው እዚያ ነው። ምሳዋንም የምትበላው እዚያው ነበር። ሳሎናችን ገብታ አታውቅም።

የባለቤቴ ወንድም ግን በዚያ በጭንቁ መጋቢት ማስኩን አገጩ ላይ አድርጎ ሳሎን ገብቶ፣ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጦ ሦስት ሲኒ ቡና ጠጥቶ ሄዷል። «እሱማ ቤተሰብ ነው» ብለን ነበር። ቫይረሱ ቤተሰብና ልብስ አጣቢ እንደማይለይ በየቀኑ በቴሌቪዥን ይነገረን ነበር፤ ፍርሃታችን ግን ይለያል። ማንን መፍራት እንደማይከብድ ያውቃል። እናቴን መጠበቅ ይገባን ነበር፣ ዛሬም ያንን አልክድም። ግን ሐኪም የነገረን ርቀትን ነው። ደመወዝ ማቋረጥን፣ ስልክ አለመደወልን፣ ለሠላሳ አንድ ቀን መርሳትን ከራሳችን ነው የጨመርነው፤ ከዚያ አንድ ላይ ቀላቅለን «ጥንቃቄ» አልነው።

ዛሬ ሁሉም አልፏል። የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድን ዓለም አቀፍ የጤና አደጋነት ካነሳ እንኳ በ2015 ሚያዝያ ላይ ነው። ጀሪካኑ ከበሩ ላይ ወርዶ ባለቤቴ ጤና አዳም ተክላበታለች። ትከሻ ለትከሻ መጋጨት በሙሉ ኃይሉ ተመልሷል። ስለዚያ ጊዜ ስንጫወት ስለ ነጭ ሽንኩርቱና በአልኮል ስለሚታሸው ብር እየተሳሳቅን ነው። ለለቅሶ ያልደረስንላቸውን፣ ሳንሰናበት የተለዩንንም እናነሳለን። በራችንን ማን ላይ እንደዘጋን ግን ሲነሳ አልሰማሁም። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ብዙዎቻችሁ ያኔ «ለጊዜው» ብላችሁ ያስቀራችሁት ሰው ይኖራል። አስተናጋጅ ይሁን፣ አስጠኚ ይሁን፣ እንጀራ ጋጋሪ ትሁን። ወዴት እንደደረሱ ታውቃላችሁ? የአባታቸውን ስም ታውቃላችሁ?

እኔ ያደረግኩት ትልቅ ነገር የለም። ስልኬ ላይ ስሟን ከነአባቷ ጽፌዋለሁ። ልጇ አሁን ኮሌጅ ገብቷል፤ ስሙን አውቃለሁ። እናቴም፣ ተመስገን፣ ከነምርኩዟ አለች። ያቺን የነጣች ጋቢ እስከ ዛሬ ትለብሳታለች። ሌላ ብንገዛላትም እምቢ አለች። ጥለቷ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቃት እንግዳ አይጠፋም። «ልጄ ነው ያጠበው» ትላለች፣ ወደ እኔ እያየች።